ቢዝነስ ካርድዎ ላይ ኪውአር ኮድ ከማሳተምዎ በፊት

አምስት መቶ ቢዝነስ ካርድ አሳትመዋል እንበል። ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ሎጎው ያምራል፣ ጀርባው ላይ ኪውአር ኮድ አለ። ጥቂት ሳምንት አለፈና አንድ ደንበኛ ደወለ። «ኮዱን ስካን ሳደርገው የማላውቀው ድረ ገጽ ነው የሚከፍትልኝ። የአገልግሎት ጊዜው አልቋል ይላል» አለዎት። ካርዱ አልተበላሸም። ማተሚያ ቤቱም አልተሳሳተም። ኮዱ ሲሠራ ውስጡ ምን እንደተጻፈ ያየ ሰው ስላልነበረ ነው።

ኪውአር ኮድ አሁን የማይታይበት ቦታ የለም። ካፌ ጠረጴዛ ላይ ሜኑ ሆኗል። ሱቅ ባንኮኒ ላይ የቴሌብር መክፈያ ሆኗል። የፋይዳ መታወቂያ ላይም አለ። ስለዚህ ካርድ የሚያሳትም ሰው «የእኔም ላይ ይግባልኝ» ቢል አይገርምም። ዲዛይነሩም በሁለት ደቂቃ ሠርቶ ያስገባዋል። ችግሩ ዋናው ጥያቄ ሳይጠየቅ መታለፉ ነው። እዚያ ካሬ ውስጥ የተጻፈው ምንድን ነው? ኮዱ ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለመሥራቱ፣ ጊዜው ማለቅ አለማለቁ፣ በስልክ በቀላሉ መነበብ አለመነበቡ በዚህ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ለመሆኑ ኪውአር ኮድ ምንድን ነው?

ጽሑፍ ነው። ማሽን እንዲያነበው በጥቁርና በነጭ ትናንሽ ካሬዎች የተጻፈ ጽሑፍ። ስልክ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ስም ሊሆን ይችላል፣ የድረ ገጽ ሊንክ ሊሆን ይችላል። ፎቶና ቪዲዮ ግን ውስጡ የለም። ስካን ሲያደርጉ ቪዲዮ ከተከፈተልዎ ኮዱ ውስጥ ያለው የቪዲዮው ሊንክ ብቻ ነው። ቪዲዮው የመጣው ከኢንተርኔት ነው።

የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ነው። የቶዮታ ቡድን አካል በሆነው የመኪና ዕቃ አምራች በዴንሶ ይሠራ የነበረ ማሳሂሮ ሃራ የተባለ መሐንዲስ ነው ከባልደረባው ጋር የሠራው። በዚያን ጊዜ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራበት ባለ መስመር ባርኮድ፣ ዛሬም ሸቀጥ ላይ የምናየው ዓይነት፣ የሚይዘው ወደ 20 ፊደልና ቁጥር ብቻ ነበር። ይህ ስለማይበቃ አንድ ሳጥን ላይ ብዙ ባርኮድ ይለጠፋል። ሠራተኛው አንድ በአንድ ሲያነብ ይውላል። ሃራ ወደ ጎን ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ወደ ጎንም ወደ ታችም የሚጻፍ ኮድ ሠራ። በዚያው መጠን ቦታ ላይ እጅግ ብዙ ጽሑፍ መያዝ ተቻለ።

ኩባንያው ፓተንቱን (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን) ቢይዝም ሰው ሁሉ በነፃ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የደረጃዎች ድርጅቱ አይኤስኦ ዓለም አቀፍ ደረጃ አድርጎ አጸደቀው። ለእኛ ጉዳይ ከዚህ የሚበጀን አንድ ነገር ነው። ኪውአር ኮድ ለመሥራት ለማንም መክፈል የለብዎትም፣ ኮዱም በራሱ የሚያበቃበት ቀን የለውም። «ኮዱ ኤክስፓየር አደረገ» የሚል ነገር ከሰሙ፣ ያበቃው ኮዱ ሳይሆን ከኮዱ ጀርባ ያለ የአንድ ድርጅት አገልግሎት ነው።

ሦስቱ ማዕዘኖች ላይ የሚታዩት ትልልቅ ካሬዎች ካሜራው ኮዱን የሚያገኝባቸው ምልክቶች ናቸው። ከየትኛውም አቅጣጫ በመሃላቸው ቢታለፍ ጥቁሩና ነጩ 1፣ 1፣ 3፣ 1፣ 1 በሚል ምጣኔ ይፈራረቃል። ሃራና ባልደረባው በራሪ ወረቀት፣ መጽሔትና ካርቶን ላይ ያለ ኅትመት ሲመረምሩ ቆይተው ነው ይህን ምጣኔ የመረጡት። ሌላ ቦታ ላይ በአጋጣሚ የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው። ካርዱን ገልብጠው ቢይዙትም ስልክዎ የሚያነበው በእነዚህ ካሬዎች ምክንያት ነው። ዲዛይነር ለውበት ብሎ ቅርጻቸውን ሲቀያይር ካሜራው የሚፈልገውን ምልክት እያጠፋ ነው።

ካርዴ ላይ ምን ዓይነት ኮድ ላድርግ?

ለቢዝነስ ካርድ የሚሆኑት በዋናነት ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ኮንታክትዎን ራሱን የያዘ ኮድ ነው። ስምዎ፣ ስልክዎ፣ ኢሜይልዎ፣ የሥራ ቦታዎ እዚያው ካሬ ውስጥ ይጻፋል። የሚጻፈው አብዛኞቹ ስማርት ስልኮች በሚያውቁት ቪካርድ በሚባል አጻጻፍ ነው። ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ ስም ነው፣ ይህ ኢሜይል ነው እያለ ለስልኩ ይነግረዋል። ሰውዬው ካሜራውን ሲያነጣጥር ስልኩ «ኮንታክት ጨምር» ይለዋል። ሴቭ ያደርጋል፣ አለቀ።

የዚህ ኮድ ትልቁ ጥቅም ኢንተርኔት አለመጠየቁ ነው። ዳታ ባይኖር፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ የስብሰባው አዳራሽ ምድር ቤት ቢሆን ችግር የለም። ሁሉም ነገር ወረቀቱ ላይ ነው ያለው። አንዳንድ የማንበቢያ አፖች ራሳቸው ኢንተርኔት ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ኮዱ ግን አይጠይቅም። እኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካርድ የምንለዋወጠው በአብዛኛው በኤግዚቢሽን፣ በስብሰባና በመንገድ ላይ ነው። ያኔ የማይሠራ ኮድ በኋላ ቤት ሲገባ ቢሠራም ብዙም አይጠቅምም፣ ሰውዬው ይረሳዋል።

ጉዳቱ የተጻፈው አለመቀየሩ ነው። ስልክ ቁጥር ከቀየሩ የታተመው ኮድ አሮጌውን ቁጥር ይዞ ይቀራል። ይህ ብዙ ሰው የሚያነሳው ስጋት ነው። ነገር ግን ቁጥርዎ ከተቀየረ ከኮዱ አጠገብ በፊደል የታተመውም ቁጥር አብሮ ያረጃል። ካርዱን በሙሉ እንደገና ማሳተምዎ አይቀርም።

ሁለተኛው ዓይነት ሊንክ የያዘ ኮድ ነው። ወደ ድረ ገጽዎ፣ ወደ ቴሌግራምዎ፣ ወደ ዋትስአፕዎ ወይም ካርታ ላይ ወዳለው ሎኬሽንዎ ይወስዳል። ሥራው በዓይን የሚታይ ሰው፣ ለምሳሌ ፎቶግራፈር፣ ልብስ ሰፊ፣ የቤት ውስጥ ዲዛይነር፣ ሥራውን ወደሚያሳይበት ገጽ ቢያመራ ያዋጣዋል። የሎኬሽን ሊንክ ደግሞ ለሱቅና ለጋራዥ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ ማለት «ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከባንኩ ጀርባ» በሆነበት፣ ካርታ ላይ የተተከለች አንዲት ነጥብ ሦስት ጊዜ ከመደዋወል ታድናለች።

ቴሌግራም የሚመርጡ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። የቴሌግራም ሊንክ የሚያርፈው በተጠቃሚ ስምዎ ላይ ነው። ስሙን አንድ ቀን ከቀየሩት አሮጌው ስም ነፃ ይሆናል፣ ሌላ ሰውም ሊወስደው ይችላል። ካርድዎ ላይ ያለው ኮድ ያኔ ወደዚያ ሰው ይመራል። ዋትስአፕ ራሱ የሚሠራልዎት ኮድም አፑ ውስጥ «ሪሴት» ካደረጉት መሥራት ያቆማል። ካርድ ላይ ካወጡት በኋላ እነዚህን ባይነካኩ ጥሩ ነው።

«ስታቲክ» እና «ዳይናሚክ» የሚሉት ምንድን ነው?

መግቢያው ላይ ያየነው ችግር ሥሩ እዚህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረጋ ብለን እንየው።

እንግዳ ሰው ቤትዎን እንዲያገኝ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አቅጣጫውን ጽፎ መስጠት ነው። ከአደባባዩ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው ቅያስ፣ አረንጓዴው በር። ሁለተኛው «ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ ሄደህ ጠይቅ፣ ባለሱቁ ቤቴን ያውቀዋል» ማለት ነው። ሁለተኛው ምቹ ጎን አለው። ቤት ቢቀይሩ ለባለሱቁ ብቻ ይነግሩታል፣ ወረቀቱ መቀየር የለበትም። ስንት ሰው እንደጠየቀም ይነግርዎታል። ነገር ግን ባለሱቁ አንድ ቀን ሱቁን ቢዘጋ፣ ወይም «በየወሩ ካልከፈልከኝ አልናገርም» ቢል፣ ያ ወረቀት ዋጋ የለውም።

ስታቲክ የሚባለው ኮድ የመጀመሪያው ነው። መረጃው ራሱ ወይም ትክክለኛው ሊንክዎ ካሬው ውስጥ አለ። ዳይናሚክ የሚባለው ሁለተኛው ነው። ካሬው ውስጥ ያለው የኮድ ሠሪው ድርጅት አጭር ሊንክ ነው። ስካን ሲደረግ መጀመሪያ ወደ እነሱ ይሄዳል፣ እነሱ ደግሞ ወደ እርስዎ ይመሩታል።

ዳይናሚክ ኮድ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። መዳረሻውን በፈለጉ ጊዜ መቀየር፣ ስንት ሰው ስካን እንዳደረገ ማየት ለማስታወቂያ ሥራ የሚጠቅም ነገር ነው። ሰው የሚጎዳው ሳያውቅ ሲገባበት ነው። «ነፃ ኪውአር ኮድ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሙከራ ጊዜ ያለው ዳይናሚክ ኮድ ይዞ ይወጣል። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ኮዱ ክፍያ መጠየቂያ ገጽ ይከፍታል። ካርዱ ግን በሰው ኪስ ውስጥ ነው። ከአገር ውስጥ ሆኖ ለውጭ ድርጅት በየወሩ በዶላር መክፈል ደግሞ ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ለአንድ ሰው ቢዝነስ ካርድ ስታቲክ ይበቃል። መዳረሻውን መቀየር የግድ ከሆነብዎ ደግሞ በራስዎ ድረ ገጽ ላይ አንድ ገጽ ያዘጋጁና ኮዱ ወደዚያ ይምራ። ገጹ የእርስዎ ስለሆነ ይዘቱን በፈለጉ ቀን ይቀይሩታል። የድረ ገጹን ስም በየዓመቱ እስካሳደሱ ድረስ መሃል ላይ የሚገባ ሌላ ሰው የለም።

የተሰጠዎት ኮድ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዳታና ዋይፋይ አጥፍተው ስካን ያድርጉት። ስምና ስልክዎ ከመጣ ኮንታክቱ ውስጡ አለ። ሊንክ ከመጣ ሊንኩን ያንብቡት። የእርስዎ ድረ ገጽ ወይም ቴሌግራም ካልሆነ፣ የማያውቁት አጭር ስም ከሆነ፣ ዲዛይነሩን ይጠይቁት።

አንዳንዱ ኮድ ለምን ደቃቅ ይሆናል?

ብዙ ስለተጻፈበት ነው። ኪውአር ኮድ 40 የመጠን ደረጃዎች አሉት። ትንሹ በአንድ ጎኑ 21 ነጥብ (ትንሽ ካሬ) አለው። በየደረጃው 4 እየጨመረ ትልቁ 177 ይደርሳል። ትልቁ ላይ ቁጥር ብቻ ቢጻፍ 7,089 አኃዝ ይይዛል። ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ሁሉንም ላስገባ» ማለት ያምራል። ግን ካርድ ትንሽ ነገር ነው፣ ርዝመቱ 9 ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ።

ሒሳቡን እንየው። 25 ፊደል ያለው አጭር ሊንክ በአንድ ጎን 25 ነጥብ ባለው ኮድ ይጻፋል። ጠቅላላው 625 ነጥብ ነው። ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ ድርጅት፣ የሥራ ድርሻና ድረ ገጽ የተደረደረበት ቪካርድ ግን 170 ፊደል አካባቢ ይደርሳል። ይህ በአንድ ጎን 53 ነጥብ ይፈልጋል፣ ጠቅላላው 2,809። ሁለቱንም በ2 ሴንቲ ሜትር ካሬ ብናትማቸው የመጀመሪያው እያንዳንዱ ነጥብ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሁለተኛው ከ0.4 ያንሳል። ካሜራው ጥሩ ባልሆነ ስልክ፣ ብርሃን በቀነሰበት ምሽት፣ ይህ ልዩነት በደንብ ይታወቃል።

ስለዚህ ይቀንሱ። ፋክስ፣ ፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ ሦስተኛ ስልክ፣ ረጅም አድራሻ አያስፈልግም። ስም፣ አንድ ወይም ሁለት ስልክ፣ ኢሜይል፣ ድርጅት። ኮንታክት ለያዘ ኮድ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እመርጣለሁ። የካርዱ ጀርባ ባዶ ከሆነ 3 ሴንቲ ሜትር ቢያደርጉት ደግሞ የሚከለክልዎ ነገር የለም።

ስሜ በአማርኛ መግባት ይችላል?

ይችላል። ግን ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ማሽን የጽሑፍን ስፋት የሚለካው በባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይወስዳል። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላማዊት» 5 ፊደል ነው፣ 15 ባይት ይሆናል። በላቲን ሲጻፍ 9 ፊደል ቢሆንም 9 ባይት ብቻ ነው። በስም ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የድርጅት ስም ላይ ሲደርስ ግን ይከብዳል። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው ሐረግ ብቻውን 54 ባይት ነው። ቅድም ካየነው ሊንክ በእጥፍ ይበልጣል።

ሌላም አለ። አዳዲስ ስልኮች የአማርኛውን ጽሑፍ በአብዛኛው በትክክል ያነቡታል። አንዳንድ የቆዩ ማንበቢያዎች ግን ፊደሉን ወደማይገባ ምልክት ይለውጡታል። እንዲሁም ብዙ ሰው የስልኩን ኮንታክት በላቲን ፊደል ነው የሚፈልገው። በግዕዝ ብቻ ሴቭ የሆነ ስም ሲፈለግ አይመጣለትም። እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። በዓይን የሚነበበው የካርዱ ፊት ላይ ስምዎ በአማርኛ ጎልቶ ይውጣ፣ ኮዱ ውስጥ ደግሞ በላቲን ይግባ። ደንበኞችዎ በሙሉ አማርኛ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን በግዕዝ ያድርጉት፣ ጥቂት ስልኮች ላይ ሞክሩት ብቻ።

የስም አቀማመጥም ትኩረት ይፈልጋል። ቪካርድ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች ነው። የራስዎን ስምና የአባትዎን ስም በየሣጥኑ ይጠይቃል። ቅጹን የሚሞላው ሰው ካገላበጠው በደንበኛዎ ስልክ ላይ በአባትዎ ስም ነው የሚታዩት። ስካን አድርገው የሚመጣውን ስም ሳያዩ አይለፉት።

ስልክ ቁጥሩን በ+251 ይጀምሩ። ካርዱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ ዘመድ ቢደርስ በ09 የሚጀምር ቁጥር ከዚያ ሆኖ አይሠራም። +251 ካስገቡ በኋላ የመጀመሪያዋን ዜሮ ማውጣት ግን እንዳይረሳ። ዜሮዋ ከወጣች ጥሪው ይገባል፣ ካልወጣች ላይገባ ይችላል። ይህች ስህተት ብዙ ካርድ ላይ ትገኛለች።

ኅትመቱ ላይ ምን ይበላሻል?

ብዙው ጥፋት የሚመጣው ፋይሉ ሲላላክ ነው። ዲዛይነሩ ኮዱን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ይልካል። ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ነው የሚያስተላልፈው። የነጥቦቹ ጠርዝ ይደበዝዛል። ያ ፎቶ ሲታተም ኮዱ ጭጋጋማ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ኮዱ በኤስቪጂ ወይም በፒዲኤፍ ይዘጋጅ፣ ሲላክም እንደ ፋይል ይላክ። እነዚህ ዓይነቶች በየትኛውም መጠን ቢታተሙ ጠርዛቸው አይደበዝዝም። ከስክሪን ላይ የተነሳ ስክሪንሾት ለኅትመት አይሆንም።

ቀለሙ ላይ ካሜራው የሚፈልገው የጠቆረና የነጣ ልዩነት ነው። ጥቁር በነጭ ላይ ምንጊዜም ይሠራል። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴም ይሠራል። ወርቅማ ቀለም ግን ያስቸግራል። ወርቅማ ካርድ ብዙ ሰው ይወዳል፣ የሚያብረቀርቀው ግን ብርሃኑን መልሶ ካሜራው ላይ ይረጫል። የሚያንጸባርቅ ላሚኔሽንም (ካርዱ ላይ የሚለበጠው ስስ ፕላስቲክ) እንዲሁ ነው፣ ማት የሚባለው የማያብረቀርቀው ይሻላል። ነጭ ኮድ በጥቁር ካርድ ላይ ማድረግ ደግሞ አንዳንድ ማንበቢያዎች ጭራሽ አይቀበሉትም። ካርድዎ ጥቁር ከሆነ ኮዱን ነጭ ካሬ ውስጥ አስቀምጡት።

በኮዱ ዙሪያ ባዶ ቦታ መተው የግድ ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ የሚጠይቀው የ4 ነጥብ ስፋት ነው። ዲዛይነሮች ቦታ ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚቆርጡት ይህን ነው። ጽሑፍ ወይም መስመር ተጠግቶ ሲገባበት ካሜራው ኮዱ የት እንደሚያልቅ ይጠፋበታል። ማተሚያ ቤቱን ደግሞ ኮዱ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም ብላችሁ ጠይቁ። አራቱ ቀለሞች ተደራርበው ጥቁር ሲሠሩ ትንሽ ከተንሸራተቱ የደቃቃዎቹ ነጥቦች ጠርዝ ይበላሻል።

መሃሉ ላይ ሎጎ ማስገባትስ?

ይቻላል፣ በልክ። ኪውአር ኮድ የተወሰነው ክፍሉ ቢበላሽም እንዲነበብ ተደርጎ ነው የተሠራ። ፋብሪካ ውስጥ ዘይትና ቆሻሻ እንደሚነካው ሠሪዎቹ ያውቁ ነበር። ጽሑፉን መልሶ የሚያስገኝ ትርፍ መረጃ አብሮ ይጻፍበታል። የጥገና አቅሙ አራት ደረጃ አለው፤ 7፣ 15፣ 25 እና 30 በመቶ ገደማ። ሎጎ ሲቀመጥበት ኮዱ የተሸፈነውን ክፍል እንደተበላሸ ቆጥሮ በዚህ አቅም ይሞላዋል።

ግን ይህ አቅም በነፃ አይመጣም። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ትርፍ መረጃው ይበዛል፣ ነጥቦቹም ይደቅቃሉ። ኮንታክት በያዘ ኮድ ላይ ሎጎ መጨመር ሁለቱን ጫና አንድ ላይ ማምጣት ነው። ሎጎዎ ካርዱ ፊት ላይ አለ። ኮዱን ቢተዉት ይሻላል። አጭር ሊንክ ከሆነ የተጻፈው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ሎጎ ብዙም አይጎዳም።

ኮድ ስካን ማድረግ አደጋ የለውም?

ስካን በማድረግ ብቻ ገንዘብ ከሂሳብ አይወጣም። ስልኩ የሚያደርገው ጽሑፉን ማንበብ ነው። አደጋው ያለው ከዚያ በኋላ በሚከፈተው ገጽና እዚያ ላይ በሚያስገቡት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በአሜሪካ የኦስቲን ከተማ ፖሊስ አጭበርባሪዎች በመኪና ማቆሚያ መክፈያ ማሽኖች ላይ የራሳቸውን ኮድ እንደለጠፉ አስጠንቅቆ ነበር። ሾፌሮች የከፈሉ መስሏቸው የባንክ ካርድ ቁጥራቸውን ሐሰተኛ ገጽ ላይ እንዲሞሉ ነው የታሰበው።

ካርድ የሚቀበልዎት ሰው ስለዚህ ቢጠራጠር ልክ ነው። ሊያግዙት ይችላሉ። ኮዱ ሊንክ ከያዘ ከሥሩ ሊንኩን በፊደል ያሳትሙት። ሰውዬው ስልኩ ላይ የመጣውንና ወረቀቱ ላይ ያለውን ያመሳክራል። ከኮዱ በላይም «ስልኬን ለመመዝገብ» ወይም «ሎኬሽን» የሚል አንድ ቃል ይኑር። ምን እንደሚከፈትለት የማያውቅ ሰው ካሜራውን አያነሳም።

በሌላ በኩል ኮዱ ውስጥ የሚገባው ሁሉ በማያውቁት ሰው ስልክ ውስጥ እንደሚቀር ያስቡ። የቤት አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ የፋይዳ ቁጥር እዚያ ቦታ የላቸውም።

የክፍያ ኮዴን ካርዱ ላይ ላድርገው?

የክፍያ ኮድና የኮንታክት ኮድ መልካቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸው የተለያየ ነው። የክፍያው ብዙውን ጊዜ የሚነበበው በራሱ በክፍያው አፕ ውስጥ ነው። በተራ ካሜራ ቢነበብ ሰው የማይገባው ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ሊመጣ ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታተሙ ደግሞ ካሜራው አንዱን በሌላው ቦታ ሊያነሳ ይችላል። ክፍያው ባንኮኒው ላይ ይቆይ። ካርዱ ላይ አንድ ኮድ ብቻ ይኑር።

ስምና ስልክ በፊደል መታተማቸውም አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ አይፎን ያለ ተጨማሪ አፕ በካሜራው ያነባል፣ አብዛኛው አዲስ አንድሮይድም እንዲሁ። ቁልፍ ስልክ የያዘ ደንበኛ ግን ዛሬም ብዙ ነው።

ከመታተሙ በፊት እንዴት ልሞክረው?

ስክሪን ላይ መሞከር አይበቃም። ካርዱን በትክክለኛ መጠኑ በተራ ወረቀት ያትሙት። ዳታ አጥፍተው ይሞክሩ። አይፎን ላይ፣ አዲስ አንድሮይድ ላይ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ላይ ይሞክሩ። ማታ በደብዛዛ መብራትም ይሞክሩ። ኮንታክቱን ሴቭ አድርገው ከዚያው ላይ ይደውሉ፣ ኢሜይል ይላኩ። አንድ ፊደል የጎደለው ኢሜይል በዓይን አይታይም፣ ሲላክ ግን ይታወቃል። ከዚያ ማተሚያ ቤቱ በእውነተኛው ወረቀትና ላሚኔሽን አንድ ናሙና እንዲያወጣ ይጠይቁ። ናሙናው ካልተነበበ አምስት መቶውም አይነበብም።

ካርዱ ታትሞ ካለቀስ?

የማይሠራው ኮድ ዳይናሚክ ከሆነና የሠራው ሰው አካውንቱን የሚያውቀው ከሆነ፣ አንዳንድ ድርጅቶች ሲከፈላቸው ኮዱን መልሰው ያስነሱታል። የተሰራጨው ካርድ ብዙ ከሆነ ለጥቂት ጊዜ መክፈሉ ሊያዋጣ ይችላል። አካውንቱ ከሌለ ግን ከወረቀቱ ላይ ማስተካከል አይቻልም።

እጅዎ ላይ ለቀሩት ካርዶች ስቲከር አለ። አዲሱን ስታቲክ ኮድ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ስቲከር ያሳትሙና በአሮጌው ላይ ይለጥፉት። ነጭ ጠርዙ አብሮ ይቆረጥ፣ አሮጌው ኮድም ሙሉ በሙሉ ይሸፈን። ከጎን የአሮጌው ማዕዘን ብቅ ካለ ካሜራው ይደናገራል። ካርዱን ቀድሞ ለሰጧቸው ሰዎች ደግሞ ኮንታክትዎን ከስልክዎ በቴሌግራም ይላኩላቸው። የማተሚያ ፋይሉን ሲያስተካክሉም አሮጌው ኮድ ያለበትን ፋይል ከዲዛይነሩ ዘንድ ያስጠፉ፣ በሚቀጥለው ኅትመት ተመልሶ እንዳይወጣ።